ተንኳሹ ሌላ፣ ተነካሹ ሌላ

ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት ነበር። እኛ ዘንድ የዶሮው ወጥ ገና ከድስቱ አላለቀም፤ ቆዳ ገዢዎች «ቆዳ አለ!» እያሉ በየመንደሩ ይዞራሉ፤ ውሾች የበጉን ተረፈ ሥጋ ፍለጋ የቆሻሻ ገንዳውን ከብበዋል። በዚያው ቀን በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ በሐዴራ ከተማ፣ አንድ ዋናተኛ ባሕር ገብቶ ሳይመለስ ቀረ። ዳር የቆሙ ሰዎች በስልካቸው ይቀርጹ ነበርና ዓለም ሁሉ አየው፤ ሰውየው ይጮኻል፣ ውኃው ይታመሳል፣ የሻርኮቹ ክንፍ ብቅ ብሎ ይጠልቃል። ፍለጋው ሲያበቃ የተገኘው የአካሉ ክፋይ ብቻ ነበር። አገሪቱ ከተመሠረተች ወዲህ በሻርክ ተነክሶ የሞተ ሰው ሲመዘገብ ያ የመጀመሪያው ነው ተባለ።

ሐዴራ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለም። ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰው ይነሳል። አንደኛው «ድሮስ ባሕር ውስጥ ምን አስገባው?» ይላል። ሌላው ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ በሻርክ ከሚሞተው በመብረቅ የሚሞተው ይበዛል፣ ስለዚህ አትፍሩ ይላል። የመጀመሪያው ሻርክን ጭራቅ አደረገው፤ ሁለተኛው ዕጣ አደረገው። ጭራቅም ሆነ ዕጣ ምክንያት አይጠየቅም። ሁለቱም ታዲያ አንዱን ጥያቄ ዘለው አለፉት፤ እነዚያ ሻርኮች ያን ዕለት፣ እዚያ ቦታ፣ ከሰው አጠገብ ምን ይሠሩ ነበር? ማን ጠራቸው?

ቁጥሩ የሚናገረውና የሚደብቀው

አስቀድሞ ስለ ፍጥረቱ። ሻርክ እኛ ዓሣ ነባሪ ከምንለው ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ዓሣ ነባሪ አየር ለመሳብ ብቅ የሚል፣ ግልገሉን የሚያጠባ እንስሳ ነው፤ ሻርክ ግን በስንጥቡ የሚተነፍስ፣ አጽሙ ከአጥንት ሳይሆን ከለስላሳ ቅርጭጭት የተሠራ ዓሣ ነው። ዝርያው ከ500 ይበልጣል። በሰው ላይ ለሚደርሰው ከባድ ጉዳት በብዛት ስማቸው የሚነሳው ሦስት ናቸው፤ ታላቁ ነጭ ሻርክ፣ ታይገር ሻርክና ቡል ሻርክ። ለእኛ የሚቀርበውማ ከዚህ ሁሉ የዋሁ ነው። በጅቡቲ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ዌል ሻርክ የሚባለው የዓለማችን ትልቁ ዓሣ ይመጣል፤ ጎብኚዎች አብረውት ይዋኛሉ፤ እሱ የሚበላው በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን እያጣራ ነው።

የዓለምን የሻርክ ንክሻ የሚመዘግበው መዝገብ የሚገኘው አሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥራው የተጀመረው በ1958 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በባሕር ኃይሉ ገንዘብ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከባቸው የሰጠመባቸው መርከበኞች በሻርክ መካከል የተንሳፈፉበት ታሪክ ገና አልተረሳም ነበርና። መዝገቡ በ2023 በዓለም ዙሪያ 69 ሰዎች ሻርኩን ሳይተነኩሱት እንደተነከሱ፣ ከእነሱም 10 እንደሞቱ ይናገራል። በ2024 ቁጥሩ ወደ 47 ወረደ፤ የሞቱት አራት ነበሩ። በ2021 በውኃ ሰጥሞ የሞተውን ሰው የዓለም ጤና ድርጅት 300 ሺሕ ገደማ ያደርሰዋል። በዚህ ሚዛን ባሕር የገባን ሰው የሚገድለው ውኃው ራሱ ነው፤ ሻርኩ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ነገር ግን ቁጥሩ አንድ ጉዳይ ይደብቃል። «ከብዙ ሚሊዮን አንድ» የሚለው ስሌት ባሕር አይቶ የማያውቀውን ሁሉ ይቆጥራል። ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው በሻርክ የመነከስ ዕድሉ ዜሮ ነው፤ እሱን በማዕበል ላይ በሰሌዳ ከሚንሸራተት ሰርፈኛ ጋር ደምሮ ለሁለት ማካፈል ለአንዳቸውም አይጠቅምም። በሕንድ ውቅያኖስ ያለችውን የፈረንሳይ ደሴት ሬዩንዮንን እንውሰድ። ከ2011 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ውስጥ በዚያች ትንሽ ደሴት 11 ሰዎች በሻርክ ሞተዋል። ከ2005 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ሰርፈኞች ውኃ ውስጥ በሚያሳልፉት ሰዓት ሲሰላ የመነከስ አደጋው 23 ጊዜ እጥፍ እንዳደገ ተመራማሪዎች አስልተዋል። መንግሥት በ2013 ከኮራል አጥር ውስጥና ከመረብ ከተከለለ ቦታ ውጭ መዋኘትንም ሰርፍንም ከለከለ። ለዚያች ደሴት ሰው «ከመብረቅ ያነሰ ነው» ማለት ስላቅ ነው።

በሌላው ጫፍ የደቡብ ካሊፎርኒያ ምሳሌ አለ። የሎንግ ቢች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሁለት ዓመት በ26 የባሕር ዳርቻዎች ላይ ድሮን እያበረሩ ሲመለከቱ፣ ወጣት ነጭ ሻርኮች በሚሰበሰቡባቸው ሁለት ቦታዎች ካዩባቸው ቀናት በ97 በመቶው ሻርኮቹ ከሰው አጠገብ ይዋኙ ነበር። ሰርፈኛው ቦርዱ ላይ ተቀምጦ ማዕበል ይጠብቃል፤ ሻርኩ በሥሩ ያልፋል፤ ሰውየው አያውቅም፤ ሻርኩም ጉዳዬ አይልም። ያ ሁሉ መቀራረብ በየዕለቱ ንክሻ ይዞ አልመጣም። ያው ባሕር፣ ያው ጥርስ፣ ያው ሰው ነው፤ አንዱ ጋ ሞት፣ ሌላው ጋ ጉርብትና። ልዩነቱን የሚያመጣው የሻርኩ ክፋት ቢሆን ኖሮ ካሊፎርኒያ ባዶዋን በቀረች ነበር። ዕጣ ቢሆን ደግሞ ሬዩንዮንን ለይቶ አይመታም ነበር።

ሦስተኛው ዓምድ

ወደ መዝገቡ እንመለስ። መዝገቡ ንክሻን በዋናነት በሁለት ዓምድ ይከፍላል፤ «ተተንኩሶ የነከሰ» እና «ሳይተነኮስ የነከሰ» ብሎ። ዓሣ አጥማጅ ከመንጠቆው ሲያላቅቀው፣ ጠላቂ ጅራቱን ሲይዘው፣ አንዱ ሊያበላው እጁን ሲዘረጋ ከተነከሰ ተንኩሶ ነው። ዝም ብሎ ሲዋኝ ከተነከሰ ሳይተነኩስ ነው። ለመዝጋቢ የሚመች ክፍፍል ነው። ግን ትንኮሳን የሚፈልገው በተነከሰው ሰው እጅ ላይ ብቻ ነው፤ ከእሱ በፊት በዚያ ውኃ ማን ምን እንዳደረገ አይጠይቅም። እንደ እኔ ሦስተኛ ዓምድ ያስፈልገዋል፤ «ሌላ ሰው ተንኩሶት የነከሰ» የሚል። ያለፉትን ዓመታት ዝነኛ አደጋዎች አንድ በአንድ ብናነሳ ብዙዎቹ የሚሰለፉት በዚህ ዓምድ ሥር ነው። ተንኳሹ ሌላ፣ ተነካሹ ሌላ።

ሐዴራ ዳርቻው ላይ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ አላት። ጣቢያው ማሽኖቹን ለማቀዝቀዝ የባሕር ውኃ ይስባል፤ ሲጨርስ አሙቆ ይመልሰዋል። ሜዲትራኒያን በሚበርድባቸው ወራት፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ ደስኪና ሳንድባር የሚባሉ ሻርኮች ወደዚያ ሙቅ ውኃ ይሰበሰባሉ። ሁለቱም ሰውን በመጉዳት ስማቸው እምብዛም የማይነሳ ዝርያዎች ናቸው። ለዓመታት መጡ፣ ከረሙ፣ ሄዱ፤ የሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እየተከታተሉ አጠኗቸው።

ቀጥሎ ሰው መጣ። ወሬው ሲሰማ ዳርቻው የሽርሽር ቦታ ሆነ፤ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ጠላቂው ካሜራውን አንግቦ ይወርዳል፤ ዓሣ አጥማጁ በመካከላቸው መንጠቆውን ይጥላል፤ አንዳንዱ ደግሞ እንዲቀርቡለት ዓሣ ይወረውርላቸዋል። በዚያ ቦታ መዋኘት ክልክል ነበር፤ ክልከላውን የሚያስከብር ግን አልነበረም። ይህ መጨረሻው አያምርም ያሉ የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች አስቀድመው ድምፃቸውን አሰምተው ነበር።

ከአደጋው በኋላ ጉዳዩን የመረመሩት ፈረንሳዊው የሻርክ ባለሙያ ኤሪክ ክሉዋና ባልደረባቸው ነገሩን «ልመና» በሚል ቃል ያብራሩታል። ምግብ ከሰው እጅ የለመደ ሻርክ ሰውን አይፈራም፤ ይከተለዋል፣ ይታከከዋል፣ የያዘውን ካሜራ ሳይቀር ምግብ መስሎት ይጠጋዋል። አንዱ ሳያስበው ወይም ተስገብግቦ ሲነክስ ደም ይፈስሳል፤ ያኔ ሌሎቹ ለመብል ይሻማሉ። ይህ የባለሙያዎቹ መላ ምት ነው፤ የመጀመሪያዋን ንክሻ ምክንያት በእርግጠኝነት የሚመሰክር የለም። ቀድሞ የሆነው ግን አያከራክርም፤ ሙቁን ውኃ ሰው ለቀቀው፣ ዓሣውን ሰው ወረወረው፣ ክልከላውን ሰው ዝም አለው። ዋናተኛው የሰው እጅ ለዓመታት ወደለመደው መንጋ መካከል ገባ።

ቄራና ባሕር

አዲስ አበባ ውስጥ ቄራ አካባቢ የኖረ ሰው ለዚህ ጉዳይ ባለሙያ አያስፈልገውም። ደምና ፈርስ ባለበት ጥንብ አንሳው ሰማዩ ላይ ይዞራል፣ አባ ኮዳው ጣሪያ ላይ ይቆማል፣ ውሻው በቀን፣ ጅቡ በሌሊት ይመጣል። ማንም «ጅቡ ጠላን» አይልም። ባሕርም ሕጉ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የሚዞረውን አለማየታችን ነው።

ሞቃዲሾን የሚያውቁ ሰዎች ይህን ታሪክ ይነግሩናል። ከተማዋ በባሕር ዳርቻ ውበቷ የታወቀች ነበረች። ነገር ግን ቄራው የተሠራው ባሕሩ አፍ ላይ ነበር፤ የግመሉና የከብቱ ደም ወደ ውኃው ይወርዳል። ሻርኮች ደሙን ተከትለው ዋናተኞች ከሚገቡበት ዳርቻ ድረስ መጡ፤ ሰው ሞተ፤ የሞቃዲሾ ዳርቻ ስሙ ከሻርክ ጋር ተቆራኘ። ቄራውን ያቀደው መሐንዲስ የከተማውን ቆሻሻ ከዓይን ማራቁን እንጂ ለማን እንደላከው አላሰበም።

ብራዚል ውስጥ ሬሲፌ የምትባለው ትልቅ ከተማ ደግሞ ትምህርቱን በውድ ዋጋ ገዝታዋለች። ቦዋ ቪያጄም የሚባለው ዳርቻዋ ለረጅም ዘመን ሰው ያለ ሥጋት የሚዋኝበት ነበር። ከከተማዋ በስተደቡብ ሱዋፔ የሚባል ግዙፍ ወደብ ተሠራ፤ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ረግረጋማ ቦታና የማንግሮቭ ደን ለወደቡ ሲባል ተደመሰሰ። ያ ቦታ ቡል ሻርክ ልጆቿን የምትወልድበት እንደነበር ይገመታል። መውለጃዋን ስታጣ በስተሰሜን ወዳለው ወደሚቀጥለው የወንዝ አፍ ሄደች፤ የዚያ ወንዝ ውኃ የሚፈስሰው ደግሞ ወደ መዋኛው ዳርቻ ነው። ወደቡ የሚስባቸው መርከቦች የሚጥሉት ትርፍራፊም ታይገር ሻርክን አስከትሎ ያመጣል። ከ1992 ወዲህ በዚያ አካባቢ ከ60 በላይ ሰዎች ተነክሰዋል፤ ከ20 በላይ ሞተዋል። ዛሬ ዳርቻው ላይ በየጥቂት ርምጃው የሻርክ ሥዕል ያለበት የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተተክሏል። ሰሌዳው ስለ ሻርኩ ይናገራል፤ ስለ ወደቡ ግን ቃል የለውም።

ከሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ቀይ ባሕር ነው። በ2010 ኅዳር ማብቂያ ላይ የግብፅ የቱሪስት ከተማ በሆነችው ሻርም ኤል ሼክ በሁለት ቀን ውስጥ አራት ጎብኚዎች ክፉኛ ተነከሱ። ባለሥልጣናቱ ባሕሩን ዘጉ፤ ሁለት ሻርክ አስይዘው ፎቶ አስነሱ፤ አደጋው አልፏል ብለው ከፈቱ። የተያዘው ሻርክ ጠላቂዎች በካሜራ ካስቀሩት ነካሽ ጋር አይመሳሰልም የሚል ድምፅ ቢሰማም የሰማው አልነበረም። ታኅሣሥ 5 በእነሱ አቆጣጠር፣ አንዲት የ70 ዓመት ጀርመናዊት ጎብኚ ዳር አካባቢ ስትዋኝ ተነክሳ ሞተች።

ከዚያ ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ። ሻርኩን የላከው የእስራኤል የስለላ ድርጅት ነው የሚል ወሬ ቴሌቪዥን ላይ ሳይቀር ወጣ፤ የደቡብ ሲና አስተዳዳሪም ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ ለመጣል አልፈለጉም። ከውጭ ተጠርተው የመጡት የሻርክ ባለሙያዎች ያቀረቡት ምክንያት ግን የሚያስቅ አልነበረም። የአረፋ በዓል ያለፈው ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር፤ ለበዓሉ በግ የጫኑ መርከቦች በመንገድ የሞተባቸውን በግ ወደ ባሕር ይወረውሩ ነበር። በዚህ ላይ ሻርኩ የሚበላው ዓሣ ያለ ልክ ተጠምዷል፤ ጠላቂዎችና የጀልባ አስጎብኚዎችም ጎብኚን ለማስደሰት ዓሣንም ሻርክንም በእጃቸው ያበላሉ። ጥሪው በሦስት በኩል ነበር ማለት ነው። የእንስሳት ንግድ ቀይ ባሕርን ሲሻገር ዘመናት ቆጥሯል፤ የእኛም በግና ፍየል በጅቡቲ በኩል ያልፍበታል። ችግሩ ከንግዱ አይደለም፤ መርከበኛው የሞተውን በግ ጥሎ ሲሄድ ማን ጋ እንደጣለው ጠያቂ አለመኖሩ ነው።

የ2010ሩ የመጨረሻው አልሆነም። በ2022 ከሁርጋዳ በስተደቡብ ሁለት ሴቶች ሞቱ፤ በ2023 እዚያው ሁርጋዳ አንድ ወጣት ሩሲያዊ በታይገር ሻርክ ተገደለ፤ በ2024 መጨረሻ ማርሳ አለም ላይ አንድ ጣሊያናዊ ሞተ። እያንዳንዱ አደጋ የየራሱ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ሁሉንም በአንድ ገመድ ማሰር አይገባም። የሬዩንዮኑም ቢሆን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አንዱ ከእርሻው ወደ ባሕር የሚወርደውን ደፍራሽ ውኃ፣ ሌላው የዓሣውን መመናመን፣ ሌላው ሻርክ ማጥመድ መቆሙን ያነሳል። ክርክሩ ግን ሰው በለወጠው ባሕር ዙሪያ ነው፤ ሻርኩ ጠባዩን ከመሬት ተነስቶ ለወጠ የሚል ወገን አላገኘሁም።

የሐረር ጅብ ያልተማረው የለም

«አውሬን ማብላት ክፉ ነው ካልክ ሐረርስ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሐረር ላይ ከጀጎል ግንብ ውጭ ሰው ጅብን በእጁ፣ አንዳንዴም ሥጋውን በእንጨት አፉ ላይ ነክሶ ያበላል። ለአሹራ ደግሞ ገንፎ ይቀርብለታል፤ አበላሉ ታይቶ የመጪው ዓመት ጥጋብና ረሃብ ይተነበያል። ጅቡ በግንቡ ሽንቁር ገብቶ ትርፍራፊውን ጠርጎ ይወጣል። ምግብ ከሰው እጅ የለመደ አውሬ ከሰው ጋር ይኖራል ማለት ነው።

ልዩነቱ የማብላቱ ሥርዓት ነው። የሐረሩ ጅብ የሚበላው በሚታወቅ ቦታ፣ በሚታወቅ ሰዓት፣ በሚታወቅ ሰው እጅ ነው። አብሊው ከአባቱ የተማረ ነው፤ ጅቦቹን በስም ይጠራል፤ የትኛዋ ቀዳሚ፣ የትኛው ፈሪ፣ የትኛው ተናካሽ እንደሆነ ያውቃል። ጎብኚው ማብላት ሲያምረው አብሊው አጠገቡ ተቀምጦ እንጨቱን ያስይዘዋል። ከሁሉ በላይ፣ አንድ ነገር ቢበላሽ የሚጠየቅ ሰው አለ። በሐዴራ ውኃ ውስጥ ማንም ማንንም አያውቅም ነበር። የቅዳሜው ጎብኚ ዓሣ ወርውሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የሰኞው ዋናተኛ ያን ዓሣ በሚጠብቁ ሻርኮች መካከል ይገባል። ዕዳውን የሚበደረው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላው ነው። ሻርክ ማብላትን እንደ መዝናኛ የሚሸጡ ድርጅቶች ባሉበት አገር ሁሉ የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ መሆን ነበረበት፤ የሚያበላው ሰው ደህና ነው ወይ ሳይሆን በማግስቱ ከታች ባለው ዳርቻ የሚዋኘው ማን ነው?

ጥፋተኛውን መያዝ

አደጋ ሲደርስ ባለሥልጣን የሚቸኩለው ወደ መንጠቆ ነው። ሻርም ላይ ሁለቱ ሻርኮች ሲሰቀሉ ሕዝብ ተረጋጋ፤ ባሕሩ ተከፈተ፤ ያ መረጋጋት ነው ጀርመናዊቷን ውኃ ውስጥ ያስገባት። መንጠቆው አደጋውን ሳይሆን ጥያቄውን ነው የገደለው። ሻርክ ሲያዝ ቄራውን፣ ወደቡን፣ የበግ መርከቡን የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል።

ይህ ልማድ የሲኒማም ዕዳ አለበት። አሜሪካዊው ደራሲ ፒተር ቤንችሊ «ጆስ» የተባለውን ልብ ወለዱን በ1974 አሳተመ፤ በዓመቱ ስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም አደረገው፤ አንድ ክፉ ሻርክ፣ አንድ ጀግና፣ አንድ ፍጻሜ። ቤንችሊ ራሱ በኋላ ዘመኑን ሻርክን ለመከላከል በመከራከር ጨረሰ፤ እንዲያ ያለውን መጽሐፍ ዛሬ አልጽፈውም እስከማለት ደረሰ። ሒሳቡን ያየ ሰው ይረዳዋል። ሻርክ በዓመት የሚገድለው ሰው በሁለት እጅ ጣት ይቆጠራል፤ ሰው በዓመት የሚገድለው ሻርክ 80 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን በ2024 የታተመ ጥናት ገምቷል። በሰፊው ውቅያኖስ የሚኖሩት የሻርክና የዘመዱ የሬይ ዓሣ ዝርያዎች ቁጥር ከ1970 ወዲህ በ71 በመቶ አሽቆልቁሏል። ስለዚህ «ሻርክ በዛ» የሚለው ስሞታ ከዓለም ሥዕል ጋር አይገጥምም፤ ባንድ ዳርቻ በዝቶ ከታየ መጠየቅ ያለበት ወደዚያ ምን ሳበው የሚለው ነው።

ባሕር ለሚገባ ሰው

ይህን የሚያነበው ጅዳ ወይም ዱባይ ላይ በዕረፍት ቀኗ ከጓደኞቿ ጋር ባሕር የምትወርድ እህታችን፣ ከዋሽንግተን ተነስቶ በበጋ ልጆቹን ወደ አትላንቲክ ዳርቻ የሚወስድ ወንድማችን ሊሆን ይችላል። ለእነሱ የሚጠቅመው «አትፍሩ» ወይም «ፍሩ» አይደለም፤ ዳርቻውን ማንበብ ነው። ዓሣ አጥማጆች ዓሣ የሚያርዱበት፣ የሆድ ዕቃውን የሚጥሉበት ቦታ ነው? የቆሻሻ ቦይ ወይም ወንዝ እዚህ ይገባል? ትናንት ዘንቦ ውኃው ደፍርሷል? የባሕር ወፎች አንድ ቦታ ላይ እየተወረወሩ ዓሣ ይለቅማሉ? ጀልባዎች ሻርክ እያበሉ ያስጎበኛሉ? ለአንዱ መልሱ አዎ ከሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። ንጋትና ምሽት፣ ጨለማም፣ ሻርክ የሚያድንበት ሰዓት ነው። የሚያብረቀርቅ ጌጥ ከሩቅ የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። ብቻን ከመዋኘት በቡድን መሆን ይሻላል። በሻርክ የሚሞት ሰው በአብዛኛው የሚሞተው ደሙ ፈስሶ ነውና ከውኃ እንደወጣ ቁስሉን አጥብቆ መጫን፣ እጅ ወይም እግር ከሆነ ከቁስሉ በላይ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ሕይወት ያድናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከደጋ ለመጣ ሰው ዋናው ምክር ዋና መቻል ነው። የአሜሪካ ዳርቻዎች ላይ ዋናተኛን ከዳር ወደ ውስጥ የሚጎትተው የውኃ ሞገድ በየዓመቱ ወደ 100 ሰው እንደሚወስድ ይገመታል። የያዘው ሰው ፊት ለፊት ታግሎ ሊመለስ ሲሞክር ይደክመዋል፤ መዳኛው ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጉተታው ከወጡ በኋላ ወደ ዳር መመለስ ነው። ለዚህ ሞገድ ፊልም የሠራለት የለም።

«የአውሬ ሲሳይ»

ስለ ባሕርና ስለ ኢትዮጵያዊ ሲነገር ሊታለፍ የማይችል ሌላ ውኃ አለ። በጥቅምት 2024 መግቢያ ላይ ከየመን ተነስተው ወደ ጅቡቲ የመጡ ሁለት ጀልባዎች 310 ሰው ጭነው ነበር። አሻጋሪዎቹ ዳር ሳይደርሱ ሰዎቹን አስገድደው ወደ ባሕር እንዲወርዱ አደረጉ፤ ቢያንስ 45 ሞቱ። በነሐሴ 2025 ከ150 በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ የጫነች ጀልባ በየመኗ አብያን ዳርቻ ተገለበጠች፤ ቢያንስ 68 ሞቱ።

እንዲህ ያለው ዜና ሲመጣ እኛ ቤት የተለመደ አነጋገር አለ፤ «የባሕር አውሬ ሲሳይ ሆኑ» እንላለን። ከሐዘን የመጣ ቃል ነው፤ አልፈርድበትም። ግን ቃሉ ሳናውቀው የሚሠራውን ሥራ ልብ እንበል። አውሬው በላቸው ስንል አስወራጁ አሻጋሪ ከዐረፍተ ነገሩ ይወጣል፤ ደላላው ይወጣል፤ ልጁን መንደሩ ውስጥ ተስፋ ያስቆረጠው ነገር ሁሉ ይወጣል። ሬሲፌ ዳር እንደተተከለው ሰሌዳ፣ ስለ ጥርሱ ይናገራል፣ ስለ ወደቡ ዝም ይላል።

አማርኛችን ያልተጠራበት የሚገባን ሰው «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ብሎ ይነቅፈዋል። ሻርክን ይህ ተረት አይነካውም። ብዙውን ጊዜ የመጣው ተጠርቶ ነው፤ በደም፣ በሞተ በግ፣ በሙቅ ውኃ፣ በተዘረጋ እጅ። በበዓል ማታ የበጉን ፈርስ ከአጥሩ ውጭ ጥሎ የተኛ ሰው ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ይሰማል፤ ጠዋት የጎረቤቱ ጥጃ ተበልታ ሲያገኝ አብሮ ጅቡን ይራገማል። ፈርሱን የጣለው ማን እንደሆነ ግን እሱ ያውቃል።